ከጅማ ዋሽንግተን፦ በሎሜ፣ በዱባይ ወይስ በፍራንክፈርት?

ትኬት ሊያስቆርጥ ቢሮዬ የሚመጣ የጅማ ሰው ገና ሳይቀመጥ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ቀጥታ ነው ወይ?» ዋጋው እንኳን ሁለተኛ ነው። እኔ ግን ይህን ቃል እፈራዋለሁ። ወደዚህ ሥራ ሳልገባ፣ አክስቴ ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ አንድ ትኬት ቆራጭ «ቀጥታ ነው» ብሏቸው ነበር። አውሮፕላኑ ሎሜ ሲያርፍ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የተቆላ ቡና የያዘችውን ሻንጣ ከላይኛው መደርደሪያ አስወርደው ለመውረድ ቆሙ። አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት «እናቴ፣ ይህ እኮ ቶጎ ነው፤ ነዳጅ እየቀዳ ነው፤ ይቀመጡ» ባላቸው ጊዜ አላመኑትም። ሻንጣዋን እስከ ዋሽንግተን ጭናቸው ላይ አድርገው ሄዱ ማለት ይቻላል።

ትኬት ቆራጩ አላስረዳም እንጂ አልዋሸም። በእኛ ሥራ «ቀጥታ» የሚባለው የበረራ ቁጥሩ የማይለወጥ ጉዞ ነው፤ መንገድ ላይ ቢያርፍም ስሙ ያው ነው። «ያለ ማረፍ» ሌላ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ስትሄዱ ማረፍ አለ፣ ስትመለሱ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ብዙ ሰው በዚህ ይገረማል።

ነገሩ ያለው ቦሌ ላይ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ እዚያ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያጣሉ፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ወንበሩን ሁሉ ሞልቶ፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅም ጭኖ መነሳት አይችልም። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ዋሽንግተን አጠገብ ያለው የደልስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም፤ ሲመለስ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ 13 ሰዓት ገደማ በርሮ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል።

አሁን ዱባይን አስተያዩት። ከዱባይ ዋሽንግተን በአየር 11,350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደግሞ 11,550 ያህል። ልዩነቱ ከጅማ አዲስ አበባ ካለው የአየር ርቀት ያንሳል። ሆኖም የዱባዩ አውሮፕላን 14 ሰዓት ገደማ በርሮ ሳያርፍ ይደርሳል፤ የሚነሳው ከባሕር ዳርቻ ነውና። እንግዲህ የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች በየማስታወቂያው የሚኮሩበት ረጅም በረራ ግማሹ የመሬቱ ስጦታ ነው ብል አላጋነንኩም።

ለገዢው ግን ይህ ምን ይጠቅመዋል? ከአዲስ አበባ ዱባይ አራት ሰዓት ወደ ምሥራቅ ትሄዳላችሁ፤ ትወርዳላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፤ ከዚያ የመጣችሁበትን አቅጣጫ መልሳችሁ 14 ሰዓት ትቀመጣላችሁ። በሎሜ በኩል ያለው ማረፉን ጨምሮ 17 ሰዓት ገደማ ነው፤ ተሳፋሪውም አብዛኛውን ጊዜ ከወንበሩ አይነሳም። «አያርፍም» የተባለው መንገድ በድምሩ ረዘመ ማለት ነው። ዱባይን የምመክረው እዚያ ጉዳይ ላለው ሰው ነው፤ ዕቃ የሚያይ ነጋዴ ወይም ዘመድ የሚጠይቅ ሰው ቪዛውን ይዞ ጉዞውን ለሁለት ቢከፍለው ያዋጣዋል።

ሎሜን የኪሳራ ማረፊያ አድርጎ የሚያይም አለ። እኔ እንደዚያ አላየውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ባለድርሻ የሆነበት አስካይ የተባለው አየር መንገድ መናኸሪያው ሎሜ ነው፤ ከምዕራብ አፍሪካ ከተሞች እየሰበሰበ ወደ አሜሪካ የሚሄዱትን እዚያ ያደርሳል። ነዳጅ ለመቅዳት የቆመው አውሮፕላን ሰውም ይጭናል። ማረፊያው እንደ መስመሩና እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ ሮምም ደብሊንም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ሦስተኛው አማራጭ አውሮፓ ነው። ፍራንክፈርት ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ ዋሽንግተን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ነው፤ በኢስታንቡልም አምስት ሰዓት ተኩልና አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። ለእግራቸው የሚያስቡ ሰዎች ጉዞው ለሁለት ተከፍሎ መሃል ላይ የሚራመዱበትን ይወዱታል፤ እኔም ጉልበት ለሚያማቸው ይህን እላለሁ። ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በፍራንክፈርት ለማለፍ ብቻ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የጸና የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ከዚህ ነፃ ነው፤ የሌለው ግን ማረፊያው ድረስ ሄዶ እንዳይመለስ።

ከመንገዱ ይልቅ እኔ የምከራከረው ስለ አውሮፕላኑ ነው። በቦይንግ 787 እና በኤርባስ ኤ350 ጓዳ (ተሳፋሪው በሚቀመጥበት ክፍል) ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው ነው፤ በቀደሙት አውሮፕላኖች ግን እስከ 2,400 ሜትር ይደርሳል። ለጅማ ሰው ሲተረጎም፦ በ787 ስትበሩ አሥር ሺህ ሜትር ላይ ሆናችሁ የምትተነፍሱት የጅማን አየር ያህል ነው፤ በአሮጌው ስትበሩ ደግሞ ከአዲስ አበባም ትንሽ የሳሳውን። ወርዳችሁ ራስ ምታቱ ሲለያይ ታውቁታላችሁ።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ካላችሁኝ ኤ350ን እመርጣለሁ። ሁለቱም በኢኮኖሚ ክፍል በአንድ መስመር ሦስት ሦስት እየሆኑ የተደረደሩ ዘጠኝ ወንበሮች ይይዛሉ፤ የኤ350 ጓዳ ግን በ12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። 787 የመስኮት መጋረጃ የለውም፤ መስታወቱ በቁልፍ ይጠቁራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787ን እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኤ350ን በ2016፣ ትልቁን ኤ350-1000 ደግሞ በ2024 በአፍሪካ ቀድሞ አስገብቷል። የዱባዩ ኤምሬትስ ወደ አሜሪካ የሚልከው 777 በአንድ መስመር አሥር ወንበር አለው፤ ትከሻ ሰፊ ከሆናችሁ አስቡበት። ኳታር ኤ350ም 777ም ስላለው በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል። ትኬት ቆራጩን «የአውሮፕላኑ ኮድ ስንት ነው?» በሉት፦ 788 እና 789 ቦይንግ 787 (ድሪምላይነር የሚባለው) ናቸው፤ 359 እና 351 ደግሞ ኤ350።

ደንበኞቼ አልፎ አልፎ «ለምን ከአዲስ አበባ ያለ ማረፍ የሚሄድ አውሮፕላን አይገዙም?» ይሉኛል። አሉ የሚባሉትን እንይ። የሲንጋፖር አየር መንገድ ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ 15,300 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከ18 ሰዓት በላይ ይበራል። ባለ አራት ሞተሩ ኤ340-500 ነዳጅ ስለበላበት እ.ኤ.አ. በ2013 መስመሩን ዘግቶ፣ በ2018 በባለ ሁለት ሞተሩ ኤ350 መልሶ ከፈተው። የጫነው 161 ወንበር ብቻ ነው፤ ኢኮኖሚ ክፍል ጭራሽ የለውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤ350-900 ግን 343 ሰው ይይዛል። ያን ያህል ርቀት የሚጫነው ነዳጅ ራሱን ለመሸከም ሌላ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ሒሳቡን የሚሸፍነው ውድ ትኬት የሚገዛ ሰው ነው። የአውስትራሊያው ቃንታስም ሲድኒን ከለንደን ለማገናኘት ያዘዘው ኤ350-1000 የሚይዘው 238 ሰው ነው። የአክስቴ ልጅ ለእናቱ የሚቆርጠው ዓይነት ትኬት እንዲህ ያለውን መስመር አያኖረውም። ከቦሌ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ የሚለው የቢሾፍቱ ማረፊያ ሲያልቅ ሒሳቡ ሊቀየር ይችላል፤ ዛሬ ግን ለሽያጭ የቀረበ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ከጅማ አዲስ አበባ ያለው። ይህን ቁራጭ ለይቶ መግዛት ርካሽ ይመስላል። ክረምት ላይ ደመናው አባ ጅፋር ማረፊያ ላይ ሲተኛና ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳችሁ አነስተኛው አውሮፕላን፣ ኪው 400፣ ሲዘገይ ግን፣ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ከሆኑ ያመለጣችሁን የማስተካከል ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው፤ ለየብቻ ከሆኑ ዕዳው የእናንተ ነው። በባሕረ ሰላጤው ወይም በአውሮፓ በኩል ስትሄዱ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ስለሚሆን አንድ ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ እደሩ። በመኪና የሚወርድ ካለም 350 ኪሎ ሜትሩን፣ የግቤን ሸለቆ ጠመዝማዛም፣ በሌሊት አይጀምረው። አክስቴ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄዱ ትኬታቸውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከጅማ እስከ ዋሽንግተን በአንድ ትኬት፣ በሎሜ፣ በ359። መተላለፊያው ዳር ያለ ወንበር ሰጠኋቸውና «ሎሜ ላይ እንዳይነሡ» ብዬ በወረቀት ጻፍኩላቸው።