የላዳዬ የሙቀት ጌጅ፦ ዕቃው ደህና፣ ቦታው መከራ

ጌጁን አልጠላሁትም። ከታች የማማርረው አብሮት በካርቶኑ ውስጥ በመጣው የቱቦ ማገናኛ ነው። በእሱ ግን አንጀቴ አሯል።

የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ የምነዳው ላዳ። የዳሽቦርዷ የሙቀት ቀስት ከሞተ ስለቆየ ከሶማሌ ተራ አዲስ ጌጅ ከነሴንሰሩ ገዛሁ። ሻጩ አፈ ጮሌ ነው። "ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ለምን ትነካለህ? የሂተሩን ቱቦ ቆርጠህ ማገናኛውን መሀል ታስገባለህ፣ ሴንሰሩን ታስርበታለህ፣ አለቀ!" መካኒኬም ተስማማ። አገጣጠሙ በእርግጥ ቀላል ነው።

ጠዋት ወደ ከተማ ስወርድ ቀስቱ 80 አካባቢ ደርሶ ይቆማል። አንጀት ያርሳል። ከሰዓት በኋላ እንጦጦን ሽቅብ ስመለስ ግን 50 ላይ ተኝቶ አገኘዋለሁ። ሞተር ዳገት ላይ ይቀዘቅዛል እንዴ? ለመካኒኬ ስነግረው "ቀዘቀዘልኝ ብሎ የሚያማርር ሰው ዛሬ አየሁ" ብሎ ሳቀብኝ። ወራት እንዲሁ አለፉ።

አንድ ቀን ድል በርን አልፌ ዳገቱ መሀል ላይ የትኩስ ውሃ ሽታ መጣ። ቀስቱ ያው 50 ነው። የድሮ ሾፌሮች ሞተር ሲግል ሂተር ይከፍታሉ፤ ሙቀቱ በከፊል ወደ ውስጥ ይወጣል። እኔም ከፈትኩ። ቀስቱ ተፈናጥሮ 100ን አለፈ!

ነገሩ የገባኝ ቆሜ ሳበርዳት ነው። ላዳ ላይ የሂተር ውሃ ከቴስታታው ጀርባ ይወጣል፣ በመክፈቻው በኩል ወደ ሂተሩ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ውሃ ፓምፑ ይመለሳል። መክፈቻው ሲዘጋ መስመሩ ላይ ያለው ውሃ ባለበት ይቆማል። የቆመ ውሃ ደግሞ ይቀዘቅዛል፣ ሞተሩ ቢነድም። ጠዋት የሱሉልታ ብርድ ሂተር ያስከፍተኛል። ከሰዓት በዚያ ፀሐይ ማን ይከፍታል? ስለዚህ ጌጄ ቁልቁለት ላይ ንቁ፣ ዳገት ላይ እንቅልፋም ሆኖ ከርሟል።

ሌላም ጉድ አለበት። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ኔጋቲቩን የሚያገኘው በጥርሱ (እንደ ብሎን በሚታሰርበት) በኩል ከሞተሩ ነው። ጎማ ቱቦ መሀል የተንጠለጠለ ብረት ከምኑ ያገኛል? መካኒኬ ቀጭን ሽቦ ከቦዲ ጋር አስሮለት ነበር፤ ክረምት ሲገባ ዛገ። ሴንሰሩ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፤ ግንኙነቱ ሲላላ ግን ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር ጌጁ "ቀዝቃዛ ነው" ይላል። ሁለቱም ጥፋት የሚያደላው ወደ ማዘናጋት ነው።

ሻጩ "ከ100 እስካላለፈ አትጨነቅ" ብሎኝም ነበር። ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት! ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተር ክዳን ግፊት ስለሚይዝ መፍያውን ከፍ ያደርገዋል፣ ልክ ነው። ጎማው ያረጀ ክዳን ግን ምን ይይዛል? የስንቱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) የተቃጠለው በዚህ ምክር ይሆን?

መፍትሔው ቶርኖ ቤት ተገኘ። የፋብሪካው ሴንሰር በነበረበት በቴስታታው ቀዳዳ ልክ ሴንሰሩን የሚያስይዝ አጭር የናስ ቡሽ (ቀለበት) አስወጣሁ። አጭር መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ከረዘመ የሴንሰሩ ጫፍ ውሃውን አይነካም። ቴፍሎንም እንደ ፋሻ አልጠመጠምኩበትም፣ ጥርሱ ብረት መንካት አለበት። የተቆረጠውን የሂተር ቱቦ አውጥቼ በሙሉ ቱቦ ተካሁት፤ መሀል ላይ የገባ ማገናኛ ሁለት ተጨማሪ ማጥበቂያ ማለት ነው፣ ሁለት ተጨማሪ ማፍሰሻ።

አሁን ሂተሩ ተከፈተ ተዘጋ ጌጁ እውነቱን ይናገራል። ዳገት ላይ 90ን ሲያልፍ አያለሁ፣ ማርሽ ቀንሼ ረጋ እላለሁ። ማታ የጌጁ መብራት ዓይን ይወጋል፣ ላስቲክ ለጥፌበታለሁ። ዛሬም ቢሆን ጌጁን እገዛዋለሁ። ማገናኛውን ግን ወስጄ ሻጩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለትና የሆነውን ነገርኩት።

"ታዲያ ሂተሩን ከፍተህ አትነዳም?" አለኝ።