ሜሞሪ ሳያስገዙ ብልሽቱን ላገኙልኝ የኮምፒውተር ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በኮምፒውተሬ ላይ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ሜሞሪዎች (ራም) ተሰክተው ሳለ ዊንዶውስ የሚጠቀመው በግማሹ ብቻ ነበር። የሲስተሙ መረጃ የሚታይበት ገጽ 16 ጊጋባይት መገጠሙን ከገለጸ በኋላ፣ በአገልግሎት ላይ ሊውል የሚችለው 7.9 ብቻ መሆኑን አጠገቡ በቅንፍ ይጨምር ነበር። ይህን ብልሽት በትዕግሥት ፈልገው ላስተካከሉልኝ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ ተመሳሳይ ችግር ለገጠማችሁም እሳቸውን ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸውና ስልካቸው በይፋ እንዲወጣ ስላልፈለጉ፣ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ አድራሻቸውን እሰጣለሁ።

ከእሳቸው በፊት ያየው ሌላ ጠጋኝ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «አንዱ ሜሞሪ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ፤ አለዚያ ፎርማት ይደረግ» ብሎ ነበር ያሰናበተኝ። ፎርማት በእኛ ዘንድ ለማንኛውም ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት ከሆነ ሰንብቷል። እኚህ ባለሙያ ግን አንድም ነገር ከመቀየራቸው በፊት ጥፋቱ ከሲስተሙ ነው ወይስ ከዕቃው የሚለውን ለመለየት ተነሡ። በመጀመሪያ ዊንዶውሱ ባለ 64 ቢት መሆኑን አረጋገጡ፤ ባለ 32 ቢት ቢሆን ኖሮ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሊጠቀም ስለማይችል፣ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለግራፊክስና ለሌሎች ክፍሎች ስለሚያዝ፣ ምንም ያህል ሜሞሪ ቢጨመር ትርጉም አይኖረውም ነበር። ቀጥለው የዊንዶውስ አነሳስ በሚስተካከልበት ኤምኤስ ኮንፊግ ውስጥ የሜሞሪውን ከፍተኛ መጠን የሚገድበው ምርጫ አለመነካቱን አዩ። ታስክ ማናጀር ግን 8.1 ጊጋባይት ለሃርድዌር የተያዘ መሆኑን ያሳይ ስለነበር፣ ትኩረታቸውን ወደ ማዘርቦርዱ አዞሩ።

«የተገጠመው 16 ሆኖ እያሳየ እንዴት ዕቃው ነው ይባላል?» ብዬ ስጠይቃቸው የሰጡኝ ማብራሪያ ነው ይበልጥ ያስደነቀኝ። በእያንዳንዱ ሜሞሪ ላይ መጠኑና ፍጥነቱ የተጻፈበት አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች፤ ማዘርቦርዱም ይህን የሚያነበው ዋናው መረጃ በሚመላለስበት መንገድ ሳይሆን በሌላ ቀጭን መስመር ነው። ስለዚህ ዋናው መስመር ቢቋረጥም ሜሞሪው በመዝገብ ላይ እንዳለ ሆኖ ይቆጠራል፣ ሥራ ላይ ግን አይውልም።

የሜሞሪዎቹን ጥርሶች በአልኮል ካጸዱ በኋላ እያንዳንዱን ለብቻው እያፈራረቁ ሰኩት። በአንደኛው ስሎት (የሜሞሪ መሰኪያ) ሁለቱም በየተራቸው ያለ ችግር ሠሩ፤ በሁለተኛው ስሎት ግን የትኛውም ቢሰካ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ጥፋቱ ሜሞሪውን ተከትሎ ሳይሆን ስሎቱ ላይ ስለቀረ፣ አዲስ ሜሞሪ ብገዛ ኖሮ ወጪው ከንቱ ይሆን ነበር። በአሁኖቹ ኮምፒውተሮች ሜሞሪውን የሚቆጣጠረው ክፍል ፕሮሰሰሩ ውስጥ በመሆኑ፣ ማቀዝቀዣውንና ፕሮሰሰሩን አንሥተው ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበትን ሶኬት በማጉያ መነጽር መረመሩ። እንደ ጥቅጥቅ ያለ ብሩሽ ከተደረደሩት ፒኖች መካከል አንዷ ወደ ጎን ተጋድማ፣ ብርሃን ሲያርፍባት ከሌሎቹ ተለይታ ታብለጨልጭ ነበር። ከመንካታቸው በፊት ፒኗ ልትሰበር እንደምትችልና ያን ጊዜ ማዘርቦርዱ ጭምር ሊጠፋ እንደሚችል በግልጽ ነግረውኝ ፈቃዴን ጠየቁ። ከዚያም በቀጭን መርፌ ቀስ ብለው አቃኑአትና፣ በፕሮሰሰሩ ላይ የነበረውን አሮጌ የሙቀት ቅባት ጠርገው አዲስ ቀብተው ገጠሙት።

አሁን ዊንዶውስ የሚጠቀመው 15.8 ጊጋባይት ነው። የጎደለችውን ጥቂት የሚወስደው አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ስለሆነ እሷን ፍለጋ እንዳልደክም መከሩኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን በዚህችም ሳቢያ ተጨማሪ ሥራ ይፈጥር ነበር። እኔ ረክቼ ልሄድ ስል እንኳ እሳቸው አልለቀቁኝም፤ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ በሜምቴስት ሲፈተሽ አድሮ ምንም ስሕተት አለመገኘቱን ካሳዩኝ በኋላ ነው ያስረከቡኝ።

ለሚቸኩል ሰው ግን አስቀድሜ ልንገር፦ ብልሽቱን ሳያገኙ የማስረከቢያ ቀን አይቆርጡም፣ በስልክም መላ አይመቱም። ወደ እሳቸው የምትሄዱ ከሆነ የማዘርቦርዱን ሞዴል ይዛችሁ ሂዱ፤ ችግሩ የጀመረው ማቀዝቀዣው ተነሥቶ ከተገጠመ ወይም ፕሮሰሰሩ ከተቀየረ ወዲህ እንደሆነም አስታውሳችሁ ንገሯቸው፤ እኔን መጀመሪያ የጠየቁኝ እሱን ነበር። ሜሞሪው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ላፕቶፕ ያላችሁ ግን ሌላ ባለሙያ ብትፈልጉ ይሻላል፣ ያን ሥራ አይቀበሉም።