ጅቡቲ ላይ የቀጠርነው የወደብ ወኪል፦ ከአምስት ሦስት ኮከብ

ጅማ ከገባሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። እማዬ ቤት ቡና በተፈላ ቁጥር ጎረቤት ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «ያቺ ሚጢጢ ጀልባ በእነዚያ መርከቦች መሐል እንዴት ገባች?» በየስኒው ከምደግመው ልጻፈው ብዬ ነው። የወደብ ወረቀትና ፈቃድ ያስጨረሰልንን የወኪሉን ሥራም በዚያው ልመዝን።

እኔ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ የባሕረኞች ማሠልጠኛ የተማርኩ የመርከብ መካኒክ ነኝ። ጅቡቲን የማውቃት ከትልቅ መርከብ ሞተር ክፍል ነው። እዚያ መርከቡን እየመራ ወደብ የሚያስገባው ፓይለት ይመጣል፣ ጎታች ጀልባዎቹ ይገፋሉ፣ ወረቀቱን ኩባንያው የቀጠረው ሰው ይጨርሳል። አንተ ታች ላብህን ትጠርጋለህ። በዕረፍቴ ግን የአንድ ጡረተኛ ፈረንሳዊ ሸራ ጀልባን ሞተር እንድጠብቅ ተጠራሁ። ርዝመቷ 13 ሜትር ብቻ። ቀይ ባሕርን ወርደን ጅቡቲ ስንደርስ ነገሩ በባጃጅ የሲኖትራክ መናኸሪያ መግባት ሆነብኝ።

ወኪሉን የማመሰግነው እዚህ ላይ ነው። ከዋዜማው በዋትስአፕ ካርታ ላይ ምልክት አድርጎ ላከልን። የትኛውን ቡይ (ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን የመንገድ ምልክት) ይዘን፣ ከመርከቦቹ መተላለፊያ ወጥተን የት እንደምንጠብቅ፣ በሬዲዮ ቻናል 16 ምን እንደምንል፣ ሁሉንም። የባሕር ጉዞ ሕጉ ከ20 ሜትር በታች የሆነ ጀልባ በጠባብ መተላለፊያ ብቻ መሄድ የሚችል መርከብን እንዳያደናቅፍ ያዛል። ሕጉ ባይኖርስ ማን ይደፍራል! ፈረንሳዊው ሽማግሌ ግን ምልክቱን ትቶ ሊያቋርጥ ሞከረ። አንድ የኮንቴይነር መርከብ አምስት አጭር ጡሩምባ ነፋብን። «ምን ልትሠሩ ነው?» ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ከወኪሉ ምልክት ፈቀቅ አላለም።

የንግድ ወደብ መርከብ የሚጠጋበት ግንብ ለእኛ አልተሠራም። ከፍ ያለ ነው፤ የተንጠለጠለው ጎማ የጀልባዋን ጎን ጥላሸት ያስመስለዋል። ስለዚህ ራቅ ብለን መልህቅ ጣልን። የመግቢያ ፈቃድ ጠያቂዋን ቢጫ ባንዲራ ሰቀልን። ፈቃድ እስኪመጣ ማንም አይወርድም።

ወኪሉ «ጠዋት ሦስት ሰዓት እመጣለሁ» ያለው ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። አምስት ሰዓት ሙሉ ጥበቃ፣ በዚያ ሙቀት! ይቅርታ የሚባል ነገር ደግሞ የለም። አንድ ኮከብ እዚህ ቀነስኩ።

ወረቀቱን ግን በፍጥነት ጨረሰው። ፓስፖርት፣ ካለፈው ወደብ የተሰጠን የመውጫ ወረቀት፣ የሠራተኞች ዝርዝር በብዙ ኮፒ። ዝርዝሩ ላይ የጀልባዋ ማኅተም ካላረፈ አይቀበሉም። ሽማግሌው ገረመው፤ እኔን ግን ቀበሌ ያሳደገኝን ሰው ምን ይገርመኛል።

ሁለተኛውን ኮከብ የቀነስኩት ሒሳቡ ላይ ነው። ቢሉ 48,000 ፍራንክ ይላል። በዶላር ስንከፍል 300 አለን፤ በ160 አስልቶ። የጅቡቲ ፍራንክ እንደ ብራችን አይዋዥቅም። ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር 177.7 ፍራንክ ገደማ ነው። በዚያ ሲሰላ 270 ነው። ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት። «የኮሚሽን ነው» አለ። ምን ይባላል? ከፈልን።

የቀሩትን ሦስት ኮከቦች ያዳነለት ተላላኪው ነው። የድሬዳዋ ልጅ፣ አማርኛው የተቀላጠፈ። «ጋሼ፣ ውኃ በጄሪካን ላምጣ?» ብሎ ናፍጣውንም ውኃውንም በራሱ ጀልባ አመላለሰ። የወሰደው ሒሳብ ከነገረን ሳንቲም አላለፈም። ከቤት የያዝኩትን የጅማ ቡና ግማሽ ኪሎ ሰጠሁት። ቡናችን በመርከብ የሚወጣው በዚሁ ወደብ መሆኑን ስነግረው «ታዲያ እኔ ሳልቀምሰው ነዋ የሚያልፈው» ብሎ ሳቀ።

በትንሽ ጀልባ የምትገቡ ካላችሁ ወኪል ያዙ፤ ዋጋውን ግን ሳትገቡ በፍራንክም በዶላርም አጽፉት። የልጁን ስልክ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። የአለቃውን አልሰጥም።