ለወፍራም የበረዶ ቦት የትኛው ጥርስ ይሻላል?

ከስሙ ልጀምር። የማወራው ጫማ ላይ ከውጭ ስለሚጠለቀው፣ ከላይ ላስቲክ ከስሩ ሽቦ ወይም ሹል ብረት ስላለው ነገር ነው። ክሊት የሚለው አለ፣ ስፓይክ የሚለው አለ። እኔ ጥርስ እለዋለሁ፣ ሥራው መንከስ ስለሆነ። በአማርኛ ሁሉንም በረዶ ብለን ስለምናልፈው ደግሞ፣ ከሰማይ የወረደውን ለስላሳውን ስኖው፣ ቀልጦ መልሶ የረጋውን መስታወት የመሰለውን አይስ እላለሁ። ጥርስ ስትመርጡ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ስለ ጥርስ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የሩጫ ጫማ ወይም ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ጫማ ላደረገ ሰው ነው። እዚያ ላይ የትኛውም ይገባል። ጣጣው የሚመጣው ውስጡ ሱፍ፣ ሶሉ ሁለት ጣት የሚወፍር፣ አፍንጫው እንደ ዳክዬ ምንቃር የሰፋ ቦት ስታደርጉ ነው። ሳጥኑ ላይ 43 ይላል፣ ከውጭ ሲታይ ግን የ46 ተራ ጫማ ሊያክል ይችላል። ጥርሱ ደግሞ የሚያቅፈው ውጩን ነው።

የመጀመሪያዬን በጫማ ቁጥሬ ገዛሁ። በር ላይ ተንበርክኬ አፍንጫው ላይ አጠለቅኩት፣ ተረከዙ ጋ ስጎትተው ላስቲኩ እንደ ክራር ክር ተወጠረ፣ አንዴ አምልጦኝ እጄን በጥፊ ካለኝ በኋላ በስንት መከራ ገባ። ደስ አለኝ። ሃያ ደቂቃ ሳልሄድ ጣቶቼ ደነዘዙ። ብርዱ መስሎኝ ነበር፤ ዝቅ ብዬ ሳይ ላስቲኩ የቦቱን አፍንጫ ወደ ላይ ቆልምሞታል። ቦት የሚያሞቀን ሱፉ ውስጥ በያዘው አየር ነው። ከውጭ ሲጨመቅ አየሩ ይወጣል፣ ደምም እንደልቡ አይዘዋወርም። በሳምንቱ ከስሩ ያለው ሰንሰለት የተሰካበት ቀዳዳ ጋ ላስቲኩ ተቀደደ። ዕቃው ምንም አላጠፋም፣ ቁጥሩን የሳትኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከዓይነቱ በፊት ልኩን ያዙ። ቦቱን ወረቀት ላይ አቁሙና ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ተረከዝ ርዝመቱን፣ ሰፊው ቦታ ላይ ወርዱን በሴንቲሜትር ለኩ። ለወፍራም ቦት ለብቻው የቁጥር ሰንጠረዥ የሚያወጡ አምራቾች አሉ፣ ካለ እሱን ተከተሉ። በሁለት ቁጥር መካከል ከወደቃችሁ ለእንዲህ ያለ ቦት ትልቁን ውሰዱ። ሲበዛ መላላቱም አይጠቅምም ታዲያ። ካጠለቃችሁ በኋላ ሶሉን ወደ ላይ አዙሩና ብረቱን በእጃችሁ ወደ ጎን ግፉት፤ ከሶሉ ጠርዝ አልፎ ከወጣ ሰፍቷችኋል፣ ተዳፋት ላይ ከስራችሁ ተንሸራቶ ከቦቱ ጎን ነው የምታገኙት።

ላስቲኩንም ሞቅ ባለ ቤት ውስጥ ብቻ አትፈትኑት። ተራ ጎማ ብርድ ሲያገኘው ይደርቃል። አንድ ሌሊት ውጭ አሳድሩትና ጠዋት ጓንት አድርጋችሁ ለማጥለቅ ሞክሩ። ሲሊኮን ወይም ቲፒኢ ከሚባለው የተሠራው በብርድ የተሻለ ይለጠጣል።

ስፕሪንግ ወይስ ሚስማር?

በብዛት የምታዩት እነዚህን ሁለቱን ነው። ስፕሪንጉ የላስቲክ መረብ ላይ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ነው፣ ያክትራክስ የሚባለው አምራች የሚታወቅበት ዓይነት። ቀላል ነው፣ የካፖርት ኪስ ይገባል፣ ባዶ አስፋልት ላይም ብዙ አያስቸግርም። የማይረባ እንዳይመስላችሁ። በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ 109 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር፤ ይህን ዓይነት ያጠለቁት ውጭ የወደቁት፣ የተለመደ ጫማቸውን ብቻ ካደረጉት ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ ላነሰ ጊዜ ነው።

ትልቅ ቦት ላይ ግን ሁለት ነገር ይበላሽበታል። መረቡ ሲለጠጥ ሽቦዎቹ ይራራቁና አፍንጫው ጋ ባዶ ቦታ ይቀራል። ሁለተኛው የባሰ ነው። የበረዶ ቦት ሶል ጥልቅ ቦይ አለው፣ ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይሰወራል። እናንተ ጥርስ አድርጌያለሁ ብላችሁ በድፍረት ትረግጣላችሁ፣ መሬቱን የሚነካው ግን ያው የቦቱ ጎማ ነው። ስትሞክሩት ከስር በጣታችሁ ዳብሱት። ሽቦው ከጎማው ወጣ ብሎ ካልተሰማችሁ በቃ፣ ለዚያ ቦት አይሆንም።

ሚስማሩ ጫፉ ተንግስተን ካርባይድ የሆነ አጭር ጥርስ ነው፣ የሚወጣው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ። ካርባይድ ከብረት በጣም ስለሚጠነክር ኮንክሪት ላይ ቢፋቅም ቶሎ አይዶለድምም። አይስ ላይ፣ በተለይ ብላክ አይስ በሚሉት ዓይን በማያየው ስስ ሽፋን ላይ፣ ስፕሪንጉ አይወዳደረውም። አይስ ብርዱ በጨመረ ቁጥር እየጠነከረ ስለሚሄድ ሽቦው ከላይ ከላይ ይንሸራተታል፣ ሚስማሩ ግን ይወጋል። ጥልቅ ስኖው ላይ ሲሆን በተራው አጭርነቱ ይጎዳዋል። ድምፁም ጠቅ ጠቅ ነው፣ መምጣታችሁን ጎረቤት ከሩቅ ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ቤትና ሥራ የምትመላለሱት በእግረኛ መንገድ ከሆነ የኔ ምርጫ ይኼ ነው። ሚስማሮቹ ወፈር ያለ የላስቲክ ንጣፍ ላይ የተተከሉበትን ፈልጉ፣ ቦዩ ውስጥ አይሰምጡም። ከፊትም ከተረከዝም መኖራቸውን እዩ።

ሰንሰለት

ኮረብታና ጫካ ለሚወጣ ሰው ብዙ አላወራም፣ ሰንሰለቱን ይግዛ። ወደ አንድ ሴንቲሜትር የሚጠጉ ሹል ብረቶች ከሰንሰለቱ ወደ ታች ይወጣሉ። የካቱላ ማይክሮስፓይክስ ለምሳሌ በአንድ እግር 12 አለው። የቦቱ ሶል የፈለገውን ያህል ቦይ ቢኖረው ጥርሱ አልፎት ይወጣል።

ከተማ ውስጥ ግን ያስመርራል። በረዶው ያለቀበት አስፋልት ላይ ስትደርሱ ጠጠር ላይ በባዶ እግር እንደመሄድ ነው፣ ቁርጭምጭሚት ያንገዳግዳል፣ ጥርሱም ያልቃል። ስኖው ሲረጥብ ደግሞ ከስሩ እየተጋገረ ኳስ ይሠራል፣ በየአሥር እርምጃው ቆሞ እግር ማራገፍ ነው። ለሰፊ ቦት ከወሰዳችሁ ከላይ በቦቱ ላይ ተሻግሮ የሚታሰር ቬልክሮ ያለውን ምረጡ። ሰፊ አፍንጫ ላይ ላስቲኩ እየሾለከ የመውጣት አመል አለው፣ ማሰሪያው ያቆመዋል።

ላስቲክ እምቢ ላለው ቦት

ቦታችሁ ከመጠን ያለፈ ከሆነ እንደ ሳንዳል የሚታሰረውን እዩ። ሙሉ ሶል አለው። ቦቱን ላዩ ላይ ታቆሙና በቬልክሮ ታስራላችሁ። ስለማይለጠጥ አፍንጫ አይቆለምምም፣ ጣት አያደነዝዝም። ከስሩ ያሉት ብሎኖች ሲያልቁ በአዲስ የሚቀየሩበትም አለ። ይከብዳል፣ እሱን አልክድም፣ ቬልክሮውም ስኖው ሲገባበት አልያዝ ይላል። ግን ቆሞ ለሚሠራ፣ ደጁን ለሚጠርግ፣ ጎንበስ ብሎ ላስቲክ ለመጎተት ወገቡ ለማይፈቅድለት ሰው ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ማሰሪያው ቦቱን ዞሮ በደንብ የሚያያዝ ርዝመት እንዳለው ብቻ አረጋግጡ። ጫፍ ለጫፍ ብቻ ከተነካካ መንገድ ላይ ይፈታል።

ግማሽ ግማሽ የሆኑም አሉ፤ ተረከዝ ላይ ብቻ፣ መሃል ላይ ብቻ፣ ፊት ላይ ብቻ። ከሰፊ አፍንጫ ጋር ትግል ስለሌለባቸው የተረከዞቹ ያጓጓሉ። ስንራመድ ቀድሞ መሬት የሚነካው ተረከዝ ነው፣ እሱ ወደፊት ሲያመልጥ ነው በጀርባችን የምንወድቀው። ስለዚህ የግድ አንዱን ምረጥ ካላችሁኝ የተረከዙን። ፊት ላይ ብቻ ያለውን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። የተራራ መውጫው ክራምፖን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፣ ረጅም ጥርሱ ጠንካራ ሶል ስለሚፈልግ ለስላሳ ቦት ላይ ይወልቃል።

ስትገዙ ማውለቁንም አስቡ

ሁሉም የሚያየው አጠላለቁን ነው። ሴራሚክና እብነ በረድ ላይ ግን ካርባይድ ራሱ ይንሸራተታል፣ ሱቅ በር ላይ ገና አንድ እግር ስታስገቡ። መኪና ከመንዳታችሁ በፊትም መውለቅ አለበት፣ ፔዳል ላይ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ተረከዙ ጋ ጓንት እንዳደረጋችሁ የሚያዝ ጆሮ ያለውን ውሰዱ። በቀን አሥር ጊዜ ውጪ ግቢ ከሆነ ኑሯችሁ ሰንሰለቱን እርሱት፤ ሲያስፈልግ የሚገለበጥ የተረከዝ ጥርስ ወይም ቶሎ የሚወልቅ ስፕሪንግ ይሻላችኋል፣ ያው የሰለቻችሁን ዕቃ ቦርሳ ውስጥ ነው የምታከርሙት። ቤት ስትገቡ አጥባችሁ አድርቁት፣ ብረቱ ይዝጋል። ማሞቂያ ላይ አታስጡት፣ ላስቲኩ ይሰነጠቃል።

ብዙዎቹ ላይ የፊቱ በኩል ምልክት አለ፣ ገልብጠው የሚያደርጉ ሰዎች አይቻለሁ፣ አንዱ እኔ ነበርኩ። እና ቤት ውስጥ ስትሞክሩ ከስር ካርቶን አንጥፉ። እኔ ፓርኬ ላይ ነው የሞከርኩት፣ በሩ ጋ የደረደርኳቸው ቀዳዳዎች አሁን ምንጣፍ ስር ናቸው፣ አከራዬ እስካሁን አላነሳውም።