ለሄፓታይተስ ቢ፦ ቲዲኤፍ ወይስ ታፍ?

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉት ፋርማሲዎች ማዘዣ ይዞ የገባ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ሁለቱም ቴኖፎቪር የሚባለው ፀረ-ቫይረስ መድኃኒት ዓይነቶች ናቸው፤ የጉበቱን ቫይረስ በመግታት ያን ያህል አይበላለጡም።

ዋጋ፦ ቲዲኤፍ ይረክሳል። ለኤችአይቪም ስለሚሰጥ በስፋት ይታወቃል። ታፍ ይወደዳል።

አወሳሰድ፦ ሁለቱም በቀን አንድ ፍሬ፤ ቲዲኤፍ 300 ሚሊግራም፣ ታፍ 25። ታፍ ከምግብ ጋር ስለሚወሰድ ጿሚ ሰዓቱን ከማፍጠሪያው ጋር ያስማማ።

ኩላሊትና አጥንት፦ እዚህ ታፍ ይሻላል። በደም ውስጥ ብዙ ሳይሰራጭ ጉበት ውስጥ ስለሚገባ ጉዳቱ ያንሳል። ቲዲኤፍ የሚወስድ ሰው ክሬያቲኒኑን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ የደም ምርመራ) በየጊዜው ማስመርመር አለበት።

ስብ፦ ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው። ቲዲኤፍ የደም ኮሌስትሮልን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ጥሩውንም መጥፎውንም። ከእሱ ወደ ታፍ ሲዛወሩ ኮሌስትሮሉ ከፍ ሊል፣ ክብደትም ሊጨምር ይችላል። ጉበቱ ስብ ለያዘ ወይም ስኳር ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በእኔ እይታ ከዋጋው እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ፣ ከኪሱ ለሚከፍል ወጣት፦ ቲዲኤፍ። ዕድሜው ለገፋ፣ ኩላሊቱ ለደከመ ወይም አጥንቱ ለሳሳ፦ ታፍ፣ ኮሌስትሮሉንና ክብደቱን እየተከታተለ። መቀየሩም ሆነ ማቆሙ ከሐኪም ጋር ይሁን፤ በድንገት ሲቋረጥ ቫይረሱ ሊያገረሽ ይችላል።