አሮጌው አንሹትዝ 1411 ከኤፖክሲ ቤዲንግ በኋላ፦ የወራት ልምድ

ከውጤቱ ልጀምር። ቤዲንግ፣ ማለትም የጠመንጃው ብረት እኩል እንዲቀመጥ የእንጨቱን መቀመጫ ደርቆ በሚጠነክር የኤፖክሲ ሙጫ መሙላት፣ የጠመንጃዬን ምርጥ ቀን አላሻሻለውም። ያስቀረልኝ መጥፎ ቀኖቹን ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ኢላማው ላይ የጥይት ቀዳዳዎቹ ይበልጥ ይቀራረቡልኛል ብሎ ሥራውን የሚጀምር ሰው ሊከፋው ይችላል።

ጠመንጃው አንሹትዝ 1411 ነው። ኡልም፣ ጀርመን የተሠራ፣ .22 ኤልአር ጥይት የሚጎርስ፣ በደረት ተኝተው ለሚተኩሱ ሰዎች የታሰበ ከባድ የኢላማ መሣሪያ። ሪሲቨሩ፣ ማለትም መቀርቀሪያው የሚመላለስበት ብረት፣ ማች 54 የሚባለው ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት 1611፣ 1811 እና 1911 የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት አካባቢ ስለሆነ እንዲህ ዓይነት አሮጌ ጠመንጃ በየክለቡ አይጠፋም። ዋጋውም ከአዲሶቹ ጋር አይወዳደርም። ብረቱ ዛሬም እንደ ጥንቱ ነው። ያረጀው እንጨቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድቡልቡሉ ሪሲቨር ዋልነት እንጨት ውስጥ ተኝቶ በሁለት ብሎን ይታሰራል። በየዓመቱ ከጽዳት የሚተርፈው ዘይት ቀስ እያለ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል። ዘይት የጠጣ እንጨት ይለሰልሳል። ብሎኑ ሲጠብቅ ደግሞ ይጨመቃል። ከዚያ በኋላ ብረቱ እኩል አይቀመጥም፤ ብሎኑን ባጠበቅን ቁጥር የእንጨቱን ጎርበጥባጣ ተከትሎ በጥቂቱ ይጎብጣል። ፈትተን ስናስረው ደግሞ ሌላ ጉብጠት ይይዛል።

ሜዳ ላይ ይህ እንዴት ይታያል? አሥር ጥይት ያምራል። ጠመንጃውን ለጽዳት ፈትቼ መልሼ ሳስረው ግን ጥይቶቹ ሌላ ቦታ ያርፋሉ። የፊተኛውን ብሎን ትንሽ ባላላው እንደገና ይዞራሉ። በ50 ሜትር ኢላማ የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። መሐሉ በ5 ሚሊሜትር ከሸሸ እንግዲህ አሥሯ ለዘጠኝ ቅርብ ሆነች ማለት ነው።

ኤፖክሲ ከመግዛት በፊት መለካት ያስፈልጋል። ይህን ደጋግሜ የምለው ስለምወደው ነው። ዳያል ጌጁን፣ ማለትም ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ፣ በርሜሉ ላይ በማግኔት ታስራላችሁ። ጫፉን ከበርሜሉ ሥር ባለው የእንጨቱ የፊት ክፍል ላይ ታሳርፋላችሁ። ከዚያ አንዱን ብሎን አስራችሁ ሌላውን ቀስ እያላችሁ ታላላላችሁ። መርፌው ከ0.05 ሚሊሜትር በታች ከተንቀሳቀሰ ሪሲቨሩ ዘና ብሎ ተቀምጧል ይባላል። የኔው 0.2 ላይ ደረሰ። እንጨቱን ሳወጣ ምክንያቱ ተገለጠ። የቀድሞው ባለቤት ከኋላው ብሎን ሥር እጥፍ አድርጎ የቆረጠው ካርቶን ሸጉጧል! በዘይት ጠቁሮ፣ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ነበር።

ሥራውን በአጭሩ ልናገር። ዘይት የጠጣውን እንጨት በአሴቶን አጽድቶ፣ የለሰለሰውን ፍቆ ማውጣት ነው። ብሎኖቹ እንጨቱን እንዳይጨምቁት በሁለቱ ቀዳዳዎች የአሉሚኒየም ቱቦ ገባ። ብረቱ ላይ ሰም በስሱ ደጋግሞ መቀባት፣ ብሎኖቹንም ጭምር። የምላጩ መግቢያና ማንኛውም ጎድጓዳ ነገር በልጆች መጫወቻ ሸክላ ይደፈናል። ይህ ከተዘለለ ኤፖክሲው ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ይደርቅና ብረቱ ከእንጨቱ አልወጣም ይላል፤ ሰም አያድንም።

ኤፖክሲው ብረት የተቀላቀለበት ወፍራሙ ዓይነት ነው፤ ቅልቅሉ በክብደት 9 ለ 1። ለትንሽ መጠን በዓይን መገመት አይሞከርም። የግራም ክፋይ የሚያነብ ሚዛን ይፈልጋል። ቀጭኑን ትቼ ወፍራሙን የመረጥኩበት ምክንያት ከተኩስ ጋር ግንኙነት የለውም። እዚህ አገር መሣሪያ ሳይቆለፍ አይታደርም። የኔ ካዝና ደግሞ ጠመንጃ የሚይዘው አቁሞ ነው። ቀጭን ኤፖክሲ ቆሞ ሲያድር ወደ ታች ይፈስሳል፤ ወፍራሙ ግን ባለበት ይደርቃል። የጀርመንን ሕግ በየአጋጣሚው የሚያማርሩ ጓደኞቼ ይህን ሰምተው ሳቁብኝ።

እነሆ ከመኸር እስከ በጋ ተኮስኩበት። ክረምቱን ማሞቂያ ባለው አዳራሽ፣ ከፀደይ ወዲህ ውጭ። ዳያል ጌጁ አሁን 0.02 አካባቢ ይላል። ኤፖክሲው እንደደረቀ የለካሁትም ያው ነበር። ብሎኖቹን በቶርክ መፍቻ በ5 ኒውተን ሜትር አስራቸዋለሁ፤ አልላሉም። እርጥበት ሲበዛ የእንጨቱ ፊት በአንድ በኩል ወደ በርሜሉ ጠጋ እንደሚል አስተውያለሁ። ወረቀት ግን አሁንም በመሐላቸው ያልፋል። በርሜሉ ምንም ስለማይነካ አያሳስበኝም።

የደስታዬ ምንጭ ፈትቶ ማጽዳት ነው። ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ አስሬ ስመለስ የመጀመሪያው ጥይት ያው ቦታ ያርፋል። ማነጣጠሪያውን አልነካም። ቀድሞ በየውድድሩ ጠዋት የማባክነው የሙከራ ጥይት ቀርቷል። ዋናው ትርፍ ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጥይቷ ወደ ግራ ስትወጣ ነፋሱን ወይም ራሴን እጠይቃለሁ እንጂ ጠመንጃውን አልጠረጥርም።

ቀዳዳዎቹስ ተቀራረቡ? ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ በተኮስኩት፣ ምርጥ ምርጦቹ ከበፊቱ ጋር እኩል ናቸው። የጠፉት ሰፋፊዎቹ ናቸው። እንዲያውም ስሙና ሣጥኑ አንድ የሆነ የውድድር ጥይት፣ የምርት ቁጥሩ ሲለያይ ብቻ ያመጣው ልዩነት ቤዲንጉ ካመጣው ይበልጣል። የ.22 የውድድር ጥይት ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሚሄድ ከበርሜሉ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል። ትንሽ የፍጥነት መለያየትም 50 ሜትር ላይ በከፍታ ይታያል። ያንን ኤፖክሲ አያስተካክለውም።

የማልወድለትም አለ። ግራጫው ጠርዝ ያረጀው ዋልነት ላይ ያስጠላል። ሽታው ቀናት ቆየ፤ ቤተሰብ ያለው ሰው ጋራዥ ይፈልግ። የኋላው ጠርዝ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታክል ስባሪ ተነስታለች። ከሪሲቨሩ ጭነት ውጪ ስለሆነች ልኬቱን አልቀየረችም፤ ግን ማጽጃ ፈሳሽ እዚያ እንዳይጠራቀም አሁን ጠመንጃውን የማጸዳው አፉን ዝቅ አድርጌ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ወደ ኋላ አለመመለሱ ነው። አሮጌ አንሹትዝ ሰብሳቢዎች ያልተነካ እንጨት ይፈልጋሉ፤ ይህ ከእንግዲህ ለእነሱ ዕቃ አይደለም። ለመተኮስ ለገዛው ግድ የለውም፣ ለሻጭ ግን ግድ አለው።

በቅርቡ አንድ የክለባችን ሰው አንሹትዝ 1913 ጠመንጃውን ይዞ መጣ። የኔን አይቶ ለእሱም እንድሠራለት ፈለገ። ዳያል ጌጁን አሰርንና ብሎኖቹን አላላን። መርፌው ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። እንጨቱን ሳይነካ ከአራት የተለያዩ የምርት ቁጥሮች ጥይት ገዝቶ ማወዳደር ጀምሯል።