የአሜሪካ ምድር ጦር የውጭ አካባቢ መኮንኖች ሥልጠና ሲገመገም

የውጭ አካባቢ መኮንን የሚባለው የአንድን የዓለም ክፍል ቋንቋና ሁኔታ ጠንቅቆ እንዲያውቅ የሚሠለጥን መኮንን ነው። ፕሮግራሙ ሦስት ክፍል አለው፤ ቋንቋ፣ በአካባቢው ኖሮ መልመድ፣ ሁለተኛ ዲግሪ። ለወጪውና ለጊዜው የሚመጥነው መካከለኛው፣ በአካባቢው ኖሮ መልመዱ፣ ነው፤ በዕቅድ ጉድለት በቀላሉ የሚበላሸውም እሱ ነው።

ቋንቋው በአብዛኛው የሚሰጠው ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ባለው የመከላከያ ቋንቋ ተቋም ነው፤ ፈረንሳይኛ 36፣ ዓረብኛ 64 ሳምንት። ትምህርቱ ጥብቅና ጥሩ ነው። ሆኖም ዋናው ፈተና ማንበብና ማዳመጥን ስለሚመዝን አፋቸው ሳይፈታ የሚጨርሱ አሉ። ዓረብኛ ላይ ችግሩ ይብሳል፦ በፉስሓ (በመደበኛው የጽሑፍ ዓረብኛ) የሠለጠነ መኮንን የሞሮኮ ዋና ከተማ ራባት ሲደርስ ጋዜጣውን ያነባል፤ የታክሲ ሹፌሩ በዳሪጃ (በሞሮኮ የዕለት ተዕለት መነጋገሪያ ዓረብኛ) ሲመልስለት ግን ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ሞሮኮ የሚመደብ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት፣ በቀን ሦስት ሰዓት፣ ከግል አስተማሪ ጋር ዳሪጃ ብቻ ይማር። ማረፊያውም ከአገሬው ቤተሰብ ጋር ቢሆን ይመረጣል፤ ከኤምባሲ ሰዎች ጋር የከረመ እንግሊዝኛውን እያወራ ይመለሳል።

በዚሁ የመልመጃ ጊዜ በሚደረገው ጉዞ ላይ አሥር አገር በሦስት ሦስት ቀን ከማዳረስ፣ ሦስት አገር በሦስት ሦስት ሳምንት በጣም ይሻላል። ለየአገሩ እዚያ ካለው የአሜሪካ ኤምባሲ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ቪዛው ለብቻው ነው። ቀኑ ከተቀየረ ፈቃዱም እንደገና መጠየቅ ስላለበት ትኬት ቀድሞ አይቆረጥ። የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ይጀምራል፤ ኮንግረሱ በጀቱን በሰዓቱ ካላጸደቀ የጉዞ ገንዘብ ሊዘገይ ስለሚችል፣ በዚያ ሰሞን ከመቀመጫ ከተማ አለመራቅ ነው።